ዚፕ ያለው ሹራብ አይቪ ውስጥ ይገባል? ዚፑን አስወጥቼ ቁልፍ ላስተክል?

የካምብሪጁ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡15

ሰላም ዘናጮች።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ አንድ ሰልባጅ ቤት ገብቼ በ8 ዶላር ሹራብ ገዛሁ። ግራጫ፣ ወፈር ያለ፣ ፊቱ ከላይ እስከ ታች የሚከፈት። ክርኑ ላይ ብል የበላት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሌላው ሰላም ነው። ችግሩ ቁልፍ የለውም። ዚፕ ነው። ያውም የብረት ዚፕ፣ የሚሳበው ራሱ ላይ «ታሎን» ተብሎ የተጻፈበት። ደረት ላይ ሲደርስ ቀጥ ይልና ወይ ፍንክች ይላል።

የምለብሰውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ኮሌታው በቁልፍ የሚያዝ ኦክስፎርድ ሸሚዝ፣ ቺኖ ሱሪ፣ ሎፈር፣ ትከሻው ያልተሞላ ኮት። በአጭሩ አይቪ የምንለው፣ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የዬል፣ የሃርቫርድና የፕሪንስተን ተማሪ አለባበስ። (ዓመቱን እንደ ፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) እዚያ ውስጥ የማውቃቸው ሹራቦች ክብ አንገት ሼትላንድ፣ ቪ አንገትና ባለቁልፍ ካርዲጋን ናቸው። ይህን ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ግን የጎልፍ አሰልጣኝ መሰልኩ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ዚፕ ያለው ሹራብ አይቪ ውስጥ ይገባል ወይ? ካልገባስ ዚፑን አስወጥቼ ቁልፍ ላስተክልበት? የታናሽ እህቴ ምርቃት ግንቦት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚህ ያኔም ይበርዳል። ያን ቀን ልለብሰው አስቤ ነበር።


ቁልፍ ብቻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡31

አይገባም።


ዳቦ ቆሎ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡33

ማብራሪያ አለው ወይስ አዋጅ ነው?


ቁልፍ ብቻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡02

እሺ፣ ላብራራ።

የዚህ አለባበስ ልቡ ኮሌታው ነው። ብሩክስ ብራዘርስ የሚባለው ልብስ ሠሪ ኮሌታው በቁልፍ የሚያዘውን ሸሚዝ ኒው ዮርክ ላይ ያወጣው በ1896 ነው። የኛ ሰው አድዋ በዘመተበት ዓመት ማለት ነው። እንግሊዝ አገር የፖሎ ተጫዋቾች ሲጋልቡ ኮሌታቸው እየተርገበገበ ፊታቸውን እንዳይመታ ሲያስሩት ታይቶ ነው የመጣው ይባላል። ያ ኮሌታ ልጥፍ ብሎ አይተኛም። ከአንገት እስከ ቁልፉ ድረስ ጎበጥ ብሎ ነው የሚወርደው። እኛ ስንት ዓመት ሸሚዝ ስናሳድድ የኖርነው ለዚያች ጉብታ ነው።

ክብ አንገት ሹራብ ስትደርብበት ጉብታዋ ከላይ ብቅ ትላለች። ቪ አንገት ከሆነ ክራቫቱም ይታያል። ኳርተር ዚፕ፣ ማለትም ከአንገት እስከ ደረት ብቻ በዚፕ የሚከፈተው፣ ግን የራሱ የቆመ ኮሌታ አለው። ሁለት ኮሌታ አንድ አንገት ላይ! ከከፈትከው የሸሚዙ ኮሌታ ተደፍጥጦ ወደ ጎን ይሄዳል። ከዘጋኸው ሸሚዝ መልበስህን የሚያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ተኮስከው?

ሌላው ነገር እርጅና ነው። የድሮ ተማሪ ልብሱን እስኪሳሳ ነው የሚለብሰው። ኮሌታው ሲበላ፣ ክርኑ ሲጣፍ ያምርበታል። ቁልፍ ቢወልቅ እናትህ ቡናው እስኪፈላ ትተክልልሃለች። ዚፕ ግን ማርጀት አያውቅም። አንድ ቀን ድንገት ይሞታል። ምስክሩ ደረትህ ላይ ቆሟል።


ጆርጂያ አቬኑ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡10

ቆይ ቆይ። ሱሪህ በምንድን ነው የሚዘጋው?


ቁልፍ ብቻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡11

በቁልፍ።


ጆርጂያ አቬኑ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡11

ሁሉም?


ቁልፍ ብቻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡12

ሁሉም።


ዳቦ ቆሎ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡14

የምሩን ነው እኮ። ከዚህ ሰው ጋር ቢራ መጠጣት አይቻልም፤ መጸዳጃ ቤት ወረፋው አያልቅም።


ጆርጂያ አቬኑ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 10፡40

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። አይቪ የምንለው ነገር ውስጥ ከካምፓሱ የፈለቀ ምን አለ? ሸሚዙን ራስህ ከፖሎ ሜዳ አመጣኸው። ካርዲጋን በክራይሚያ ጦርነት ፈረሰኛ የመራ የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው። ሎፈሩ ከኖርዌይ ገጠር ጫማ የተቀዳ ነው፤ ባስ የሚባለው የሜይን ጫማ ሠሪ በ1936 አውጥቶት ነው አሜሪካ ያወቀው። ካኪውማ ጭራሽ የወታደር ነው። የ1944ቱ ሕግ ከጦርነት የተመለሰውን ወታደር በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ሲያስገባው፣ ሱሪውን አልቀየረም። እንደለበሰ ክፍል ገባ። ደረት ላይ ፊደል ያለበት የስፖርት ሹራብም ከሃርቫርድ ቤዝቦል ቡድን የመጣ ነው፣ 1865።

በርበሬም እኮ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዛሬ ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ ይታሰባል?

ዚፕ ደግሞ ቀድሞ ገብቷል። ባራኩታ የሚሠራው ጂ9 ጃኬት የማንችስተር ልጅ ነው፣ ከ1937 ጀምሮ። ፊቱ ዚፕ ነው። የአይቪ ሰው ነኝ ባይ ሁሉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ አለው። ማንም «ዚፕ ነው» ብሎ ሲያማርር አልሰማሁም። በጃኬት ሲሆን ክላሲክ፣ በሹራብ ሲሆን ፋራ? ይህ ፍርድ ገምድልነት ነው።


ሌብል አንባቢ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡05

ክርክራችሁ ደስ ይላል ግን ስለ ልብሱ የጠየቀ ሰው የለም። የካምብሪጁ፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አንብብልን። ምን ይላል? የእጥበት ምልክት አለው?


የካምብሪጁ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡30

የሱቁ ስም ደብዝዟል፣ አይነበብም። «100% ሱፍ» ይላል። ከሥሩ «ደብልዩ ፒ ኤል» የሚል ፊደልና ቁጥር አለ። የእጥበት ምልክት የለውም። ሌላ ቁራጭ ጨርቅም የለም፣ ተቆርጦ የወጣም አይመስልም።


ሌብል አንባቢ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡52

እንኳን ደስ አለህ። 8 ዶላር አላከሰረህም።

ደብልዩ ፒ ኤል የሚለው ቁጥር አሜሪካ ለሱፍ ልብስ አምራቾች የሰጠችው መለያ ነው። መስጠት የጀመሩት በ1941 ነው፣ በ1959 አቆሙ። ከ1972 ወዲህ ደግሞ እዚህ የሚሸጥ ልብስ አስተጣጠቡ ተጽፎ እንዲሰፋበት ግድ ሆነ። ያንተ የለውም። ስለዚህ በ1941ና በ1972 መካከል ያለ ነው ብለን እንያዝ።

ልብ በል፣ 1959 ላይ አያበቃም። አንድ ፋብሪካ ቁጥሩን አንዴ ካገኘ በኋላ ለዓመታት ሲጠቀምበት ይኖራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና የ60ዎቹን ልብስ የ40ዎቹ ብሎ ይሸጥልሃል። የብረት ታሎኑም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ናይለኑ ዚፕ በ60ዎቹ ነው የተስፋፋው።

እና ከሃርቫርድ ጥቂት መንገድ ርቆ የተገኘ፣ በአይቪ ወርቃማ ዘመን የተሠራ ባለዚፕ ሹራብ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?


ቁልፍ ብቻ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡10

ሹራቡ ያን ጊዜ መኖሩ ተማሪ ለብሶታል ማለት አይደለም። ያን ጊዜ ፒጃማም ነበረ። ጡረተኛ የጎልፍ ተጫዋች ለብሶት ሞቶ ልጆቹ ሰጥተውት ይሆናል።


የካምብሪጁ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡14

ወንድሜ፣ የሞተ ሰው ምን አመጣው? እኔ እኮ ገና አላጠብኩትም።


ሹራብ ሠሪዋ፣ እሑድ ከጠዋቱ 4፡20

እህታችሁ ነኝ ከጎተንበርግ። ስለ አይቪ ያን ያህል አይገደኝም፤ ባሌ የሚለብሰው ቱታ ብቻ ነው። ስለ ሹራብ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሹራብ ዘለበት ነው። ዘለበቱ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። የዚፑ ጥርስ የተያዘበት ጨርቅ ግን የተሸመነ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን አንድ ላይ ስትሰፏቸው የሚንቀሳቀሰውን ከማይንቀሳቀሰው ጋር አጋባችሁ ማለት ነው። ሰፊዋ ሹራቡን ትንሽ ከለጠጠችው ፊቱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ስትቀመጡ ሆዳችሁ ላይ ጉብ ይላል። ርካሽ ኳርተር ዚፕ የለበሰ ሰው ደረት ላይ የምታዩት ማዕበል ከዚህ ነው የሚመጣው። ሙቅ ውኃ ደግሞ ይብሳል። ሱፉ ይሰበሰባል፣ ዚፑ እንደነበረ ይቀራል። የካምብሪጁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠበው። አትስቀለው፤ ፎጣ ላይ ዘርግተህ አድርቀው።

ባህር ላይ የሚውል ሰው ግን ዚፑን ይወደዋል። በሰሜን ጀርመን በኩል መርከበኞች የሚለብሱት ትሮየር የሚባል ወፍራም ሹራብ አለ። አንገቱ በዚፕ ነው። ነፋስ ሲመጣ በአንድ እጅ እስከ አገጭ ትስቡታላችሁ፤ ሌላው እጅ ገመድ ይዟል። በጓንት ቁልፍ ቆልፎ የሚያውቅ ይመስክር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ አገር እየኖርኩ ሳልኮራበት አላልፍም። ዚፕን ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሠራው ጊዴዎን ሰንድባክ የሚባል ስዊድናዊ ተወላጅ ነው። አሜሪካ ሄዶ፣ በ1913። የሠራበት ኩባንያ ነው ኋላ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ታሎን የሆነው። «ዚፐር» የሚለውን ስም ግን እሱ አላወጣውም። በ1923 ጉድሪች የሚባለው የጎማ ኩባንያ ለጭቃ ቦቲው ያወጣው ስም ነው። ከቦቲ ተነስቶ እዚህ ደረሰ።


ዳቦ ቆሎ፣ እሑድ ከጠዋቱ 4፡41

እህታችን ሁላችንንም ዘግታን ሄደች። በዚፕ።


የፒትስበርግ አባት፣ እሑድ ከቀኑ 7፡00

እስካሁን ፍሬድ ሮጀርስን ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ከተማችን ይቀረጽ በነበረው የልጆች ፕሮግራሙ ላይ በር ከፍቶ ይገባል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ ሹራብ ይለብሳል፣ ጫማውን በሸራ ጫማ ይቀይራል። ሹራቡ ምንድን ነው? ባለዚፕ ካርዲጋን! ከሥሩ ሸሚዝና ክራቫት። ዚፑን እስከ ላይ ስቦ መለስ ያደርገዋል። ልጆቼ ያን ድምፅ ሲሰሙ ጸጥ ይሉ ነበር።

ሹራቦቹን የምትሠራለት እናቱ ነበረች። ቀዩ ዛሬ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የሰጣቸው በ1984 ነው። ሰውየው ደግሞ ዝም ብሎ የቴሌቪዥን ሰው አይደለም። ኮሌጅ የጀመረው ዳርትመዝ ነው፣ ከስምንቱ የአይቪ ትምህርት ቤቶች አንዱ። ኋላ ፍሎሪዳ ሄዶ ጨረሰ።

እና ክራቫት፣ ሸሚዝ፣ ባለዚፕ ሹራብ፣ ዳርትመዝ። ቁልፍ ብቻ፣ መልስህን እጠብቃለሁ።


ቁልፍ ብቻ፣ እሑድ ከቀኑ 7፡45

ሮጀርስ ላይ እጄን አላነሳም። ሰው ነኝ።

ግን አስተውሉ። እሱ እኮ ከውጭ ሲገባ በኮት ነው። ሹራቡን የሚለብሰው ቤት ሲደርስ ነው። ልክ አባቶቻችን ከሥራ ሲመለሱ ኮታቸውን ሰቅለው ጋቢ እንደሚለብሱት። ያ የቤት ልብስ ነው። ለቤት ከሆነ እኔም እፈቅዳለሁ።


ጆርጂያ አቬኑ፣ እሑድ ከቀኑ 7፡50

«እፈቅዳለሁ» አለ! ሚኒስትሩ ፈቀዱ።


ሌብል አንባቢ፣ እሑድ ከቀኑ 8፡20

አንድ ነገር አምልጦናል። ቁልፍ ብቻ የተናገረው በሙሉ ስለ ሁለት ኮሌታ ነው። እሱ ኳርተር ዚፕን ይመለከታል። የልጁ ሹራብ እኮ ሙሉ ዚፕ ነው። የካምብሪጁ፣ አንገቱ ኮሌታ አለው?


የካምብሪጁ፣ እሑድ ከቀኑ 8፡26

የለውም። ክብ ነው። ዚፑ አንገት ሥር ያልቃል። የሸሚዜ ኮሌታ ከላይ እንደልቡ ይወጣል።


ሌብል አንባቢ፣ እሑድ ከቀኑ 8፡27

ታዲያ ቁልፉ ከመጥፋቱ በስተቀር ካርዲጋን እኮ ነው።


ቁልፍ ብቻ፣ እሑድ ከቀኑ 8፡55

ይህን መጀመሪያ ቢናገር ኖሮ ቅዳሜዬን አላቃጥልም ነበር። እሺ፣ ስለ ኮሌታው ያልኩት ለዚህ ሹራብ አይሠራም። ስለ እርጅናው ያልኩት ግን ይሠራል። ዚፑ ሞቷል። አስወጥተህ ቁልፍ አስተክልና አሳርፈን።


መርፌና ክር፣ እሑድ ከምሽቱ 3፡15

ልጄ የካምብሪጁ፣ መጀመሪያ መቀሱን አስቀምጥ።

ፒያሳ ጀምሬ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ 31 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ይዞልኝ የመጣን ሰው ሁሌ እመልሰዋለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። ቁልፍ እንዲቆለፍ አንዱ ጎን በሌላው ላይ መደረብ አለበት። ባለዚፕ ልብስ ግን ጎንና ጎኑ ጫፍ ለጫፍ ነው የሚገናኘው። የሚደረብ ትርፍ የለውም። ዚፑን ስታወጣው ደረትህ ላይ ክፍተት ይቀርሃል። ያን ለመሙላት በሁለቱም በኩል አዲስ ክፈፍ ሠርቶ መቀጠል ያስፈልጋል። የ60 ዓመት ግራጫ ክር ከየት ታመጣለህ? አዲሱ ግራጫ አሮጌው ላይ ይጮኻል። በዚያ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ዘለበት ይበጥሳል፤ በደንብ ካልተያዘ እየተረተረ ይሄዳል። ሁሉን ጨርሰህ የምትከፍለው ገንዘብ አምስት ሹራብ ይገዛል።

ዚፑ ሞቷል ያለህን ሰው አትስማ። ዘመዶቹ ሳይደርሱ ሊቀብረው ነው። ነጭ ሻማ ፈልግ። ዚፑን ክፈትና ጥርሱን በሁለቱም በኩል ከላይ እስከ ታች በደንብ እሸው። ሻማ ከሌለ የእርሳስ ጫፍም ይሆናል። ከዚያ ቀስ እያልክ ሳብ መለስ፣ ሳብ መለስ። በጉልበት አይደለም። አንዳንዴ የሚይዘው የሱፍ ብናኝ ነው፤ በመርፌ ጫፍ ልቀመው። ስትዘጋው ከኋላው ጥርሱ የሚከፈት ከሆነ ግን የሚሳበው ራሱ ሰፍቷል። በፒንሳ ግራና ቀኙን ትንሽ ጫን አድርገው። ትንሽ ብያለሁ! ከሰበርከው የኔ ጥፋት አይደለም።


የካምብሪጁ፣ እሑድ ከምሽቱ 3፡22

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እሽ፣ መቀሱን አስቀምጫለሁ። ነገ ሻማ እገዛለሁ።


ጆርጂያ አቬኑ፣ ሰኞ ከምሽቱ 12፡30

ጋሼ ጨርሰውታል ግን የኳርተር ዚፑን ነገር እንደዚያ ሰቅለን መሄድ አልፈልግም።

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ዲሲ ነው የሚማረው። እስከ አምና የናይኪ ቱታ ነበር ከቆዳው ጋር የተሰፋው። በ2025 መገባደጃ ላይ ቲክቶክ ላይ ያ የጥቁር ወጣቶች የኳርተር ዚፕ ነገር ሲነሳ እሱም ቱታውን ጣለ። ኳርተር ዚፕ፣ መነጽር፣ በእጁ ማቻ፣ ያ አረንጓዴው የጃፓን ሻይ። ቡና ሦስት ጊዜ ከሚፈላበት ቤት ወጥቶ ማቻ! እናቱ እስካሁን አላመነችም።

መጀመሪያ ሳቅኩበት። ከዚያ አሰብኩት። ይህ እኮ አዲስ አይደለም። የጃዝ መለከት ነፊውን ማይልስ ዴቪስን ውሰዱ። በ1950ዎቹ ካምብሪጅ የሚገኘው አንዶቨር ሾፕ ያለብሰው ነበር፣ የሃርቫርድ ልጆች በሚለብሱበት ሱቅ። በ1958 በወጣው አልበሙ ሽፋን ላይ ያን አረንጓዴ ሸሚዝ አድርጎ ተቀምጧል፤ ቁልፍ ብቻ የሚያወድሳት ጉብታ ሳትቀር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለመብት ይሰለፉ የነበሩት የጥቁር ኮሌጅ ተማሪዎች ቀጭን ክራቫት፣ ትከሻው ያልተሞላ ኮት ለብሰው ነበር ለእስር የሚሄዱት። ልብሱ የነሱ አይደለም ተብሎ ነበር። ለበሱት፣ የነሱ ሆነ። ብዙ ሰው ዛሬ አሳምሮ የለበሰው ማን ነበር ቢባል እነሱን ነው የሚጠራው።

እና የእህቴ ልጅ ዛሬ በኳርተር ዚፕ ቢጀምር፣ ኮሌታው ቢደፈጠጥም፣ እኔ አልቆጣውም። ሸሚዝ መተኮስ እኮ ጀምሯል።


ቁልፍ ብቻ፣ ሰኞ ከምሽቱ 1፡15

ማይልስን ስታነሳ መልስ ያጥረኛል። ልጁን አልቆጣውም። ግን ሸሚዝ ሲገዛ ወደኔ ላከው። ኮሌታው ውስጥ ጠንካራ ጨርቅ ያልገባበትን ነው የሚገዛው። ጠንካራ ከሆነ አይጎብጥም።


ዳቦ ቆሎ፣ ሰኞ ከምሽቱ 1፡18

ይህ ሰው ተሸንፎም ትምህርት ይሰጣል።


የካምብሪጁ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሻማው ሠራ! ለሁለት ሰዓት ያህል አሸሁት። ጋሼ እንዳሉት ጥርሱ መሃል የተጠመጠመ ብናኝ ነበረ፣ በመርፌ ለቀምኩት። አሁን ከታች እስከ አንገት አንድ ጊዜ ዥዥዥ ብሎ ይሄዳል። ድምፁ ደግሞ! አሥር ጊዜ ያለምክንያት ከፈትኩና ዘጋሁት። ሚስቴ ከሌላ ክፍል «ምንድን ነው የምትፈልገው?» ብላ ጮኸችብኝ።


የካምብሪጁ፣ ግንቦት መጨረሻ

ለምትጠብቁ ሁሉ፣ ምርቃቱ አለፈ። ፎቶ ልኬያለሁ። ሰማያዊ ኦክስፎርድ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ የሹራብ ክራቫት፣ ካኪ ሱሪ፣ ሎፈር። ሹራቡን እስከ ደረቴ ዘግቼ ከላዩ ኮት ደረብኩ። ጠዋት በረደ፣ ዘጋሁት። ፀሐይ ወጣች፣ ከፈትኩት። አዳራሹ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው ሲነፍስ እንደገና ዘጋሁት። ዲኑ እየተናገሩ ነበር፤ የፊት ወንበር ያሉ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። አይታኝ ዝም አለች። ከዚያ እጅጌውን ያዝ አድርጋ «ይሄ የአባትህ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። በ8 ዶላር ነው የገዛሁት ብላት አላመነችኝም።


ቁልፍ ብቻ፣ ግንቦት መጨረሻ

ፎቶውን አየሁት። ኮሌታው ልክ ነው። ለእህትህ እንኳን ደስ አላት በልልን። ስለ ሹራቡ አስተያየት የለኝም።


መርፌና ክር፣ ግንቦት መጨረሻ

እንኳን ደስ አላችሁ። ልጄ፣ ፎቶው ላይ ክርንህን አየሁት። ያቺ ቀዳዳ ሰፍታለች። ሳይተረተር በፖስታ ላክልኝና ጠቅሜ እመልስልሃለሁ። ግራጫ ክር አለኝ።